ቁስሉ ታጥቧል

ከጤና ቢሮ ደብዳቤ መጣ፣
«የዓመቱን መዝገብ ቆጥሮ የሚያወጣ
አንድ ሐኪም ይመደብ፤
ውሻ የነከሰው ሰው ሲቀርብ
መመሪያው ተከበረ? ወይስ ተረሳ?»
ዕጣው እኔን መታኝ ከምሳ ስነሣ።

ሳን ኢሲድሮ ናት፣ የፓናይ ደሴት ጫፍ፣
ዓሣ ሻጭና ውሻ አብረው የሚያድሩባት ደጃፍ።
ሌባ ሲያባርር ውሻው የሁሉም፣
ሰው ሲነክስ ግን የማንም አይደለም።

ብዙው ሰው አስቀድሞ ወደ አዋቂው ፕሮኮፒዮ ይሄዳል፤
ፕሮኮፒዮ በአጋዘን ቀንድ መርዙን ይመጥጣል።
በስብሰባችን ላይ በእርሱ እንስቃለን፤
እኛ መመሪያ አለን፣
የታተመ፣ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ፣
ዝንብ ያረፈበት፣ ጥጉ የቆሸሸ።

ሁለት መቶ አርባ ስድስት ፋይል።
በየገጹ አንድ ሣጥን፦ «ቁስሉ በውሃና በሳሙና
ለአሥራ አምስት ደቂቃ ታጥቧል»።
በሁሉም ላይ የ«አዎ» ምልክት ተጥሏል።
በሁሉም።
የማከሚያ ክፍሉ ቧንቧ ግን
ከጥቅምቱ አውሎ ነፋስ ወዲህ ጠብ ብሎለት አያውቅም።
በቀለም ነው ያጠብናቸው።
ፕሮኮፒዮ ቀንድ አለው፤ እኛ እስክርቢቶ።

ዶክተር ቴዮዱሎ ጥልቁን ቁስል ሰፍቷል፣ ለመልኩ አዝኖ፣
መርዙን ከውስጥ ከድኖ።
አንዱ ክትባቱን ክንድ ትቶ መቀመጫ ላይ ወግቷል፤
አንዷ «ውሻው ይታሰር፣ አሥር ቀን እንጠብቅ» ብላለች፤
ውሻው ያኔውኑ ጠፍቷል።
እቆጥራለሁ። በቀይ አሰምራለሁ።
የሰው ስሕተት ሲቆጥሩ
ልብ እንዴት ደስ ይለዋል!

ፋይል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ጁንሬል ካባንቴ፣ ዘጠኝ ዓመት።
ንክሻው ከቅንድቡ በላይ፣ የደማ።
ደረጃ፦ «ሁለት»።
(ሦስት ነበር መሆን ያለበት፤
ተማሪ እንኳ አይስተውም።)
ሴረም፦ «አልተሰጠም»።
ክትባት፦ ሁለቴ። ለሦስተኛው አልመጣም፤
ማንም አልጠራውም።
ፊርማው ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጭራው የተጠመዘዘ።
የእኔ ነው።
ቀዩ እስክርቢቶ በእጄ ላይ ፈዘዘ።

ሰበብ ጠራሁ፤ ሰበብ እንደ ሰፈር ውሻ ነው፣
ሳትጨርስ ስሙን ከእግርህ ሥር ነው።
«ሌሊት ነበር። ወረፋው እስከ በር።
ሴረሙም አልቆ ነበር።»
የፍሪጁን መዝገብ ገለጥሁ። በዚያች ዕለት፣
በራሴው የእጅ ጽሑፍ፦ «ብልቃጥ፣ ሦስት»።

በባለሦስት እግሩ ሞተር ወደ ወደቡ ወረድሁ፣
ለእናቱ የምለውን መንገዱን ሙሉ እያረምሁ፤
«አዝናለሁ» ከማለት ምን ይሻላል?
አንድም አላገኘሁ።

ልጁ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል።
ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ የሩዝ ፍሬ ያህላል።
«ውሻውስ?» አልሁት። በከንፈሩ ጠቆመኝ።
ከተገለበጠው ጀልባ ጥላ ሥር
ያ ውሻ አየኝ፣
አዛጋ፣ ተመልሶ ተኛ።

እናቱ ማንጎ ልጣ ሰጠችኝ፤
«ያተረፍሽው ልጅ ነው» አለችኝ።
አልዋጥ አለኝ።
ያተረፍሁት እኔ አይደለሁም።
ውሻው ነው፣ ጤነኛ ሆኖ።

«ልጁ ደኅና ነው፤ ምኑን ትቆጥሪዋለሽ?»
አለኝ ቴዮዱሎ፣ የራሱን ስፌት ሳያነሣ።
«አልተከበረም» ከሚለው ዐምድ ሥር
አንድ ጨመርሁ፣ ስሜን ከጎኑ።
ለደብዳቤው ስም አያስፈልግም ነበር።

ማታ በሩ ተንኳኳ።
የዓሣ ሚዛን ያዥዋ፣ ባቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ።
ከጓሮው ጉድጓድ በባልዲ ውሃ ቀዳሁ፣
ሳሙና አመጣሁ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው።
ወሬያችን በአራተኛው አለቀ፤
ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ።
ከዚያ ውሃው ብቻ።
በሰባተኛው «አልነጻም?» አለች፣
እግሯን ልትሰበስብ።
«ገና ነው» አልኋት።
ሳሙናውን እንደገና።